አያታቸውን በመጽሐፍ ስም ያኖሩት ረቢ

ለአዘጋጁ፣

ስለ ጀርመን አይሁድ ሊቃውንት ስትጽፉ አንድ ሰው ጨምሩልኝ። ረቢ ያኢር ሐይም ባካራክ ይባላሉ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1638 ተወልደው በ1702 አርፈዋል።

ዋናው መጽሐፋቸው «ሐቮት ያኢር» ነው፤ ለሃይማኖት ጥያቄዎች የሰጧቸው መልሶች ስብስብ። ሰምና ወርቅ ለሚወድ ሰው ስሙ ራሱ ይበቃዋል። ሰሙ በኦሪት ዘኍልቍ ያሉት የኢያዕር መንደሮች ናቸው። ወርቁ ደግሞ «የሐቫ ያኢር» ነው። ሐቫ፣ በእኛ ሔዋን፣ የረቢው አያት ናቸው። መጻሕፍቱን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሴት ነበሩ። በዚያ ዘመን ሴትን ያውም በመጽሐፍ ርዕስ!

መጽሐፉ ውስጥ አንድ የአምስተርዳም ጥያቄ አለ። ሰውየው ወንድ ልጅ የለውም። ሊሞት ሲል፣ አሥር ሰዎች ተቀጥረው ለ12 ወር ቤቱ ሃይማኖታዊ ትምህርት እንዲማሩ፣ በየቀኑም ሴት ልጁ ካዲሽ እንድትደግምለት ተናዘዘ። ካዲሽ በልማድ ወንድ ልጅ ለሞተ ወላጁ የሚደግመው፣ የፈጣሪን ስም የሚቀድስ ጸሎት ነው። ረቢው ምን አሉ? ሴትም የፈጣሪን ስም እንድትቀድስ ታዝዛለች፤ የልጅቷም ጸሎት ለነፍሱ ይጠቅማል። ማስረጃው ወደ እሷ ያደላል። ይሁንና የሕዝቡ ልማድ እንዳይላላ ሰግተው መከልከሉን መረጡ። እኔ በፍርዱ አልስማማም። ግን የተከራካሪን ነጥብ ሳይሸሽጉ እንዲህ ፊት ለፊት ማስቀመጥ ከባድ ነው።

በ1689 ፈረንሳዮች ከተማቸውን ቮርምስን አቃጠሉ። አባታቸውና ወንድ አያታቸው ይዘውት የነበረውን የቮርምስ ረቢነት እሳቸው ያገኙት በ1699 ነው። ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆዩበትም።

አንባቢያችሁ