ለሜዳችን ዋርካ ይፈቀድልን

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር በሰፈራችን ሜዳ ላይ ችግኝ ሲተከል እኔም ዶማዬን ይዤ እወጣለሁ። ሆኖም የሚመጣልን ችግኝ ሁልጊዜ ግራቪሊያ፣ ጽድና ባሕር ዛፍ በመሆኑ፣ በመጋቢት ፀሐይ ከታክሲ ወርዶ ወደ ቤቱ የሚያዘግም ሰው አረፍ የሚልበት ጥላ እስካሁን አላገኘንም። ባሕር ዛፍ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለማገዶና ለአጣና የዋለልንን ውለታ አልክድም፤ ነገር ግን ቅጠሉ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ፀሐዩን ስለሚያሳልፍ ጥላው ጥላ አይባልም።

በሜዳውና በገበያው ዳር ዋርካ ቢተከል ይሻላል እላለሁ። ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ለምልሞ ይቆያል፤ ቁመቱ እስከ 25 ሜትር ሲደርስ ቅርንጫፉ ደግሞ ዙሪያውን ተንሰራፍቶ አንድ የእድር ስብሰባ በሙሉ ያስጠልላል። በአካባቢያችን ያሉ የኦሮሞ ገበሬዎች ቅልጡ ይሉታል። ብርዱ አያጸድቀውም የሚሉኝ አሉ፤ እንጦጦ አናት ላይ ይተከል ብል ኖሮ ልክ በሆኑ ነበር፣ ዋርካ ግን እስከ 2,500 ሜትር ከፍታ ድረስ ይበቅላል፤ የአቃቂ ሜዳም ከዚያ በታች ነው።

ችግሩ ያለው አፈራችን ላይ ነው። ዋርካና ዋልካ በስም ይቀራረቡ እንጂ በጠባይ አይስማሙም፤ ዋልካው በክረምት ጉድጓዱን ኩሬ ያደርገዋል፣ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ለጋውን ሥር ይበጥሳል። ስለዚህ አፈሩን ቆልሎ፣ ዙሪያውን የውኃ መውረጃ ቦይ ቀዶ፣ ከፍ ባለው ላይ መትከል ያስፈልጋል። ዋርካ ከቁርጥራጭም ስለሚጸድቅ፣ ከጤነኛ ዛፍ ወፍራም ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ የሚያንጠባጥበው ወተት እስኪደርቅ በጥላ አቆይቶ በሰኔ መትከል ይቻላል። ከዚያ በኋላ ዋናው ጠላት ከብት ነው፤ በእሾህ ያልታጠረ ዋርካ ጥቅምትን አያይም።

ጉዳቱንም መሸሸግ አይገባም። ሥሩ መሠረት ያናጋል፣ የውኃ ቧንቧም ይሰብራል፤ ወፍ ዘሩን ጥላበት በጎረቤቴ ግንብ ስንጥቅ ውስጥ የበቀለው አንዱ፣ ገና ክንድ ሳያክል ድንጋዩን ፈልቅቆታል። ስለዚህ ለኮንዶሚኒየም ግቢ አይሆንም፤ ከቤትና ከቧንቧ ቅርንጫፉ ከሚደርስበት በላይ መራቅ አለበት። እድገቱ ዘገምተኛ ስለሆነም እስኪሰፋ ድረስ ግራቪሊያው በመሐል ይቆይ፤ ኋላ ይቆረጣል።

በመጪው ክረምት ከሚመደብልን ችግኝ ውስጥ አሥሩ ብቻ ዋርካ ይሁንልን። ችግኝ ጣቢያዎች ከሌላቸው ቁርጥራጩን እኛው እናቀርባለን፤ አጥሩንና የበጋውን ውኃ የማጠጣት ሥራም የእድራችን አባላት በተራ ሊይዙት ተስማምተዋል።

አክባሪዎ፣
ከቱሉ ዲምቱ