ለእስራኤል ጤና ሚኒስቴር፦ የእናቴ አስተርጓሚ ሆኜ እስከ መቼ?

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከነታንያ ነው። በአማርኛ የጻፍኩት እናቴና ጎረቤቶቿ ከእናንተ ቀድመው እንዲሰሙት ስለፈለግኩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ከኢትዮጵያ ስንመጣ የ4 ዓመት ልጅ ነበርኩ። 9 ሲሞላኝ የእማዬ አስተርጓሚ ሆንኩ። ቁፓት ሆሊም፣ የጤና መድኅኑ ክሊኒክ፣ አብሬያት እገባለሁ፤ ሐኪሙ በዕብራይስጥ ያወራል፣ እኔ ደግሞ በዚያች በተሰባበረች አማርኛዬ የገባኝን ያህል እነግራታለሁ። አንድ ቀን፣ ጎንደር የቀረው ወንድሟ መሞቱን በሰማች ሰሞን፣ «ሆድ ብሶኛል በለው» አለችኝ። እኔም ሆዷን ያማታል፣ ብሶባታል ብዬ ተናገርኩ። የጨጓራ መድኃኒት ታዘዘላት። እናቴ ለወንድሟ ሐዘን የጨጓራ ኪኒን ዋጠች። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ያ ዓመት 1996 ነበር። በጥር ወር፣ የእኛ ሰዎች፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ የለገሱት ደም በኤች አይ ቪ ፍራቻ ተደብቆ እንደሚጣል ጋዜጣ ላይ ወጣ። አባቴ ኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጥቶ በአስለቃሽ ጭስ ዓይኑ ደም መስሎ ተመለሰ። ከ18 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በታኅሣሥ 2013፣ በ3 ዓመቷ ከኢትዮጵያ እዚህ አገር የገባችው የክኔሴት (የፓርላማ) አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ እዚያው ክኔሴት ውስጥ ደም ልትሰጥ ስትል ደም ሰብሳቢው ድርጅት ማጌን ዳቪድ አዶም ከለከላት። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ደግሞ የእናንተው ዋና ዳይሬክተር የዴፖ ፕሮቬራ የወሊድ መከላከያ መርፌ የሚወስዱ ሴቶቻችን ምንነቱን መረዳታቸው የሚያጠራጥር ከሆነ ማዘዣው እንዳይታደስ ለሐኪሞች ጽፈው ነበር። መጻፋቸው ጥሩ ነው። ግን ያልገባትን ሴት መርፌ መውጋት የሚቆመው በደብዳቤ መሆን ነበረበት?

እና ሽማግሌዎቻችን ሐኪም አያምኑም ሲባል እሰማለሁ። በምን ይመኑ?

አሁን ችግሩ ስኳር ነው። ስንመጣ በመካከላችን ብርቅ የነበረ በሽታ ነው። ዛሬ ወፍራም ያልሆነውን፣ ገና ወጣቱን ሁሉ ይዞታል። የጤፉ እንጀራ በነጭ ዱቄት ተተካ፣ ሩዙና ጣፋጩ ጭማቂ ተጨመረ፣ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ይሄድ የነበረ ገበሬ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጠ። እማዬ የተሰጣት የምግብ ወረቀት ግን ስለ ዳቦና ስለ ፓስታ ነው የሚያወራው፤ እንጀራ የሚል ቃል የለበትም። ስንት እንጀራ ትበያለሽ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም።

ባለፈው ዓመት መድኃኒቷ ተቀየረ። ሥራ ስለነበረብኝ ብቻዋን ሄደች። ሐኪሙ አስረዳ፣ እሷ «እሺ፣ እሺ» አለች። እኛ ዘንድ ዶክተር ፊት አልገባኝም ማለት ያሳፍራል፤ ይሉኝታ ነው። አሮጌውንም አዲሱንም ደርባ ስትወስድ ከርማ ኩሽና ውስጥ ወደቀች። ጎረቤት ባትደርስላት ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

በስልክ የሚያስተረጉሙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፣ ተባረኩ። ግን በስልክ ያለ ሰው የእማዬን ፊት አያይም። ያ «እሺ» አልገባኝም ማለት እንደሆነ የሚያውቀው አጠገቧ የተቀመጠ፣ አማርኛና ትግርኛ የሚችል፣ ዳግም የሚጠይቃት ሰው ነው። በ2011 ያወጣችሁት መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለታካሚው ቋንቋና ባህል እንዲያመቻቹ ያዛል። መመሪያው ከወጣ ስንት ዓመቱ!

የምጠይቀው ይህንን ነው። ወደ 170 ሺህ ከምንሆነው ብዙዎቻችን በምንኖርባቸው ከተሞች፣ በነታንያ፣ በሬሆቮት፣ በአሽኬሎን፣ በቂርያት ማላኺ፣ በየክሊኒኩ ደመወዝ የሚከፈለው አስተርጓሚ ይቀመጥ። የስኳር ምክሩ ከእንጀራ ይጀምር። ልጆችን ደግሞ ከዚያ ክፍል አስወጧቸው፤ የእናቱን ገላ ጉዳይ ለሐኪም የሚነግር የ9 ዓመት ልጅ ዛሬም አለ፣ ባለፈው ወር መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አይቼዋለሁ።

የእማዬ ቀጣይ ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ ነው። መልሳችሁን በአማርኛም ጻፉልኝ፤ እኔ ሳልተረጉም እንዲነበብላት እፈልጋለሁ።