ከጀማሪዎቹ ጎን ቁም

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? ተጠፋፋን እኮ! እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

መጨረሻ የተደዋወልን ጊዜ «ከእንግዲህ ቴኳንዶ የሚያስተምረኝ ነገር የለም፤ ቀበቶዬንም ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት» ያልከኝ ከልቤ አልወጣም። ያኔ ዝም አልኩህ። አሁን ግን የምልህ አለኝ።

ከሥራ መልስ በሰፈራችን ወጣት ማዕከል ጀማሪዎችን አሠለጥናለሁ። ዶቦክ (የቴኳንዶ ልብስ) ሳይኖራቸው በቱታ የሚሠሩም አሉ። በቀደም ጡጫ ሳሳያቸው አንዲት ነጭ ቀበቶ ልጅ እጇን አወጣች። «ማስተር፣ በቀኜ ስመታ ግራ እጄን ለምን ወደ ወገቤ እመልሰዋለሁ? ስፓሪንግ ላይ፣ ሁለት ሆነን ስንጋጠም፣ እኮ ሁሉም ሰው ፊቱን ነው የሚከልልበት።»

እኔና አንተ የተማርነውን ነገርኳት፦ የተማርነውን ቴኳንዶ የመሠረቱት ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ከኃይል ምንጮች አንዱ ያሉትን፣ አንዱ እጅ ወደ ኋላ ሲሳብ የሌላውን ምት ያጠነክራል የሚለውን። አልለቀቀችኝም። «ታዲያ ስፓሪንግ ላይ ኃይሉ ከየት ይመጣል?» ሁለቱንም እጄን አገጬ ጋ አድርጌ ቀስ ብዬ የመለማመጃውን ፓድ መታሁላት። መጀመሪያ ተረከዜ ዞረ፣ ከዚያ ዳሌዬ፣ ጡጫዬ የደረሰው በመጨረሻ ነው። የሚመለሰው እጅ ዳሌው መዞር እንዲለምድ ይረዳዋል፤ የባላጋራን ክንድ ይዘህ ስትጎትት ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ አለው። ይህን ሁሉ ሰውነቴ ሲያውቀው ኖሯል፤ በቃል እንዳስረዳው ያስገደደኝ ግን ማንም አልነበረም። ጥቁር ቀበቶ ያሰረ ሰው እንዲህ አይጠይቅም፤ ያወቀ ይመስለዋላ።

ቾንጂን ታስታውሳለህ? ከተማርናቸው 24 ፓተርኖች፣ ማለትም በተወሰነ ቅደም ተከተል ከሚሠሩ የእንቅስቃሴ ስብስቦች፣ የመጀመሪያው፣ 19 እንቅስቃሴ ያለው። ፓተርን ከተነሳህበት ነጥብ ላይ ማለቅ አለበት፤ ስለዚህ ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌ ጀማሪዎቹንና ነባሮቹን አብሬ አሠራኋቸው። ነባሮቹ ፈጣንና ያማሩ ነበሩ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ከምልክቱ ፊት ቀሩ። መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ የሚሄዱባቸውን ሁለት እርምጃዎች በጥድፊያ አሳጥረዋቸዋል። ጀማሪዎቹ እግራቸውን እያዩ፣ የእርምጃውን ርዝመት፣ አንድ ትከሻ ስፋት ተኩሉን፣ እየለኩ ስለሚረግጡ ወደ ምልክቱ ይበልጥ ቀረቡ። ከዚያ ወዲህ ነባሮቹን በየሳምንቱ ከእነሱ ጋር አሰልፋቸዋለሁ።

ስፓሪንጉማ የባሰ ነው! እኛ ነባሮች እርስ በርስ ተላምደናል፤ የሰውየው ትከሻ ሲነቃነቅ የሚመጣውን የእግር ምት እናውቀዋለን። ጀማሪ ግን ምትህን ሳይፈራ ዘው ብሎ ይገባል፣ ባልጠበቅከው ሰዓት እግሩን ያነሳል። መንገድ ላይ የሚያጋጥምህ ሰው ደግሞ ከእኛ ይልቅ እሱን ነው የሚመስለው። እንዳትጎዳውም እግርህን ፊቱ ጋ ስታደርስ ማቆም ይኖርብሃል። ለእኔ የእውነተኛ ችሎታ መለኪያው ይህ ነው።

እባክህ ቀበቶህን አውጣው። ያለህበት ከተማ አዳራሽ አይጠፋም፤ ገብተህ ከኋላ፣ ከነጭ ቀበቶዎቹ ጎን ቁም። የልጅቷን ጥያቄም እዚያ ላለው አሠልጣኝ አንሳለትና ምን እንዳለህ ጻፍልኝ። እሷም መልሱን እየጠበቀች ነው።

ለመላው ቤተሰብ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ወንድምህ