ግንቡ ቆሟል፤ ልስኑና ቀለሙ ቀርቶናል፦ ለሽሮ ሜዳው የእድራችን አትክልት ቦታ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣ በአገር ውስጥም በውጭም የምትኖሩ የሽሮ ሜዳ ልጆች፣

እንኳን ለዐቢይ ጾምና ለረመዳን በሰላም አደረሳችሁ። ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ተያይዘው ገቡ። ምጽዋት የሚሰጠውም ሰደቃ የሚያወጣውም እጁን በሚዘረጋበት ሰሞን ደጃችሁን እንደገና ማንኳኳታችን ስለቸገረን ነው። ባለፈው ዓመት ብዙ ጊዜ እንደለመንናችሁ እናውቃለን። የተሰላቸ ሰው ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም ደክሞናል።

በነሐሴ 2017 ሌሊት ከአትክልት ቦታችን ግንብ 18 ሜትሩ ሲናድ ከቤቱ ያልወጣ ሰው ስለሌለ ያን ሌሊት አንተርክም። ሰው ላይ ባለመውደቁ ግን ዛሬም ፈጣሪን እናመሰግናለን። ቀን ቢሆን ኖሮ ከሥሩ ባለው አግዳሚ ላይ ፀሐይ የሚሞቁት እናቶቻችን ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ለሰጣችሁን 348,700 ብር ዝርዝር መልስ አለብን። «ገንዘቡን መሬት ውስጥ ቀበሩት» የሚል ወሬ ስለሰማን አንድ በአንድ እንናገራለን። እውነት ነው፣ አብዛኛው ገንዘብ መሬት ውስጥ ነው። የቀድሞው ግንብ የወደቀው ከላይ ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ውሃ ከጀርባው ተጠራቅሞ መውጫ ስላጣ ነው። ማስወጫ ቀዳዳዎቹ በአፈር ተደፍነው ነበር፤ የረጠበው አፈር ገፋው፣ መሠረቱም ጥልቀት አልነበረውም። በዚያው መሠረት ላይ ብሎኬት ደርድረን ብንቀባው በጥቅምት ያማረ ግንብ ታዩ ነበር፤ በሚቀጥለው ክረምት ግን ሌላ ሌሊት ይጠብቀን ነበር። ስለዚህ መሠረቱን 1.20 ሜትር አወረድነው፣ ከጀርባው ጠጠር ሞላን፣ በየ2 ሜትሩ የውሃ መውጫ ቱቦ አስገባን፣ ከዚያ በኋላ ነው 675 ብሎኬት የደረደርነው። ሲያልቅ ከጀርባው በበርሜል ውሃ አፍስሰን ሞከርነው። ውሃው በቱቦዎቹ ተንፎልፍሎ ሲወርድ የነበራችሁ ሁሉ ምስክሮች ናችሁ። ጠቅላላ ወጪው 341,250 ብር ነው። የተረፈው 7,450 ብር በሂሳቡ ውስጥ አለ፤ ደረሰኞቹም በእድሩ ቤት መዝገብ ውስጥ ታስረው ተቀምጠዋል። ማንም መጥቶ ገልጦ ማየት ይችላል፤ ቢመጣም ደስ ይለናል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀን ይህን ነው፦ ግንቡ ከቆመ ቀለም ምን ይሠራል? ቅንጦት አይደለም ወይ?

ያልተለሰነ ብሎኬት ውሃ ይጠጣል። ክረምቱን ሙሉ እየጠጣ፣ በበጋ እየደረቀ፣ መጋጠሚያው መሸራረፍ ይጀምራል። ያን ሁሉ ገንዘብ አፍስሰን ያቆምነውን ግንብ ራቁቱን ለሰኔ መስጠት አንችልም። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ደግሞ ሄዳችሁ አግዳሚው ላይ ስትቀመጡ የሚገባችሁ ነው። ቁመቱ 3 ሜትር፣ ርዝመቱ 64 ሜትር የሆነ ግራጫ ግንብ ፊት ለፊታችሁ ተገትሯል። ያ ቦታ ቆሻሻ መጣያ ሳለ ጀምሮ በእጃቸው አፈር የጫሩት እናቶች፣ ጎመኑንና ጤና አዳሙን፣ ዳማከሴውንና ኮባውን ያለሙት እነሱ፣ ዛሬ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ነው የሚቀመጡት። አንዷ እናታችን «ልጄ፣ እስር ቤት ግቢ መሰለኝ» አሉን። ይህን ሰምቶ ዝም ማለት አልሆነልንም።

በ2013 ቀብተነው የነበረው ቀለም በአንድ ክረምት እንደተላጠ የሚያስታውስ አለ። ጥፋቱ የኮሚቴው ነበር። በዓል ሊደርስ ነው ብለን ልስኑ ሳይደርቅ ቀባነው። ዘንድሮ እንዲህ አይሆንም። ልስኑ መጋቢት ውስጥ ያልቃል፣ 7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ 28 ቀን ሳይነካ ይቆያል። ቀለሙ ከፋሲካ በኋላ ይቀባል፤ የምንጠቀመውም ለውጭ ግድግዳ የሚሆነውን ኳርትዝ ነው። ሰኔ ሲገባ ሐረጎቹ ይተከላሉ። ይህ የጊዜ ሰሌዳ ትርፍ ቀን የለውም። መጋቢትን ካሳለፍን ለሌላ ዓመት ቀረ ማለት ነው።

ስለ ንድፉ ደስ ብሎን እንነግራችኋለን። ሰፈራችን የሸማኔ ሰፈር ነው፤ ከሌላ ቦታ ስዕል መዋስ አላስፈለገንም። አንድ አንጋፋ ሸማኔ አባታችን ኮሚቴው ሲከራከር ቆይተው አዳምጠው፣ «ነጠላ አድርጉት» አሉ። ግንቡ ልክ እንደተዘረጋ ነጠላ መሐሉ ነጭ ይሆናል፤ በሁለቱ ጫፍ 6፣ 6 ሜትር ጥለት ይወጣለታል። ቀለሙ የጋሞ አባቶቻችን የሽመና ልብስ የዱንጉዛ ነው፦ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር። ታችኛው 40 ሴንቲ ሜትር ጭቃ ስለሚረጨው ጥቁር ድንጋይማ ቀለም ይቀባል። እኒህ አባት በማግስቱ የሽመና ክር ይዘው መጡ፤ በቀይ አፈር ነክረው ከዳር እስከ ዳር ወጥረው ለቀቁት፣ ግንቡ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ታተመ። ከዚያ አንዱን ብሎኬት እንደ አንድ ክር እየቆጠሩ የጥለቱን መጀመሪያ በከሰል ነደፉልን። በምሥራቅ በኩል ያለው ጫፍ ላይ አሁንም አለ። ልስኑ ሳይሸፍነው ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዩት።

በነጩ ክፍል ላይ ሐረግ ይወጣል። የምንተክለው የአገራችንን ነው፦ ጠምበለል ለሽታው፣ አዞ ሐረግ ለነጭ አበባው፣ በስተጀርባ ጥግ ደግሞ ቀጋ። ሐረጉ ግንቡን ተጠግቶ እርጥበት እንዳይዝበት 10 ሴንቲ ሜትር በራቀ ሽቦ ላይ ነው የሚሄደው። ግንቡ ሲወድቅ የተቀበረው ያ ትልቁ ቡገንቪሊያችንስ? ሁላችንም ሞቷል ብለን ነበር። በጥር ፍርስራሹ ሲጸዳ ጉቶው ሥር ሁለት ቀይ ለጋ ቅጠል ብቅ ብሎ አገኘነው። አጥረነዋል፤ ውሃ የሚያጠጣው የሰፈሩ ልጆች ተራ አለው።

ወጪው እንዲህ ነው። ለልስን 115,200 ብር፣ ለቀለምና ለቀቢ 67,200፣ ለሽቦ፣ ለአፈርና ለችግኝ 28,000፣ ለእስካፎልዲንግ ኪራይ 15,000፤ በድምሩ 225,400 ብር። ከመጀመሪያው ዙር የተረፈውን ጨምሮ በእጃችን ያለው 61,300 ብር ነው። 164,100 ብር ይጎድለናል። የቁፋሮውንና የውሃ ማመላለሱን ጉልበት ወጣቶቹ በነጻ ችለውታል። በጥምቀት ሰሞን ቃል ከተገባው ግን ግማሹ እንኳ አልገባም። ቃል የገባችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ስማችሁን አንጠራም፣ አንለጥፍምም። ኑሮው እንደከበደ እናውቃለን። ያላችሁትን ማሟላት ካልቻላችሁ ግማሹን፣ ግማሹም ካልሆነ የአንድ ብሎኬት ዋጋ ስጡን።

ክፍያው በእድራችን ስም ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በተከፈተው ሂሳብ ብቻ ነው። የሂሳብ ቁጥሩ በወርሃዊ መዋጮ ደረሰኛችሁ ጀርባ ላይ የታተመው፣ በእድሩ ቤት በር ላይም የተለጠፈው ያው የቀድሞው ነው፤ አልተቀየረም። ከሂሳቡ ብር የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚሁ የባንክ ሂሳብ አስተላልፉ። በግል ስልክ ቁጥር ላክ የሚላችሁ ሰው ካለ እኛ አይደለንም፣ እባካችሁ አትላኩ። ስትልኩ በምክንያቱ ቦታ ላይ «ግንብ» ብላችሁ ጻፉ፤ ያለዚያ ከወርሃዊ መዋጮ ጋር ይቀላቀልብናል፣ ባለፈው ዓመት በዚህ ብዙ ተቸግረናል። በውጭ ያላችሁም ቁጥሩን ከቤተሰቦቻችሁ ደረሰኝ ላይ አስነብባችሁ አረጋግጡ፤ ያው የቀድሞው ነው።

በጥሬ ገንዘብ የምትሰጡ እሑድ እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በእድሩ ቤት እንጠብቃችኋለን። ገንዘብ ያልተመቻችሁ አሸዋ፣ ሲሚንቶ፣ የቀለም ብሩሽ ወይም መሰላል አምጡልን። የሰጣችሁት ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ማህተም ያለበትን ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ።

የአትክልት ቦታው ኮሚቴ፣ የካቲት 2018 ዓ.ም.