የአይሲቲ ክበብ፦ አልነሳ ያሉት ፓዮች

ዘንድሮ ክበባችን ሮብ ሮብ ከትምህርት በኋላ ነበር የሚገናኘው፣ ያሉን አራት ራዝቤሪ ፓይ 3 ናቸው፣ የባንክ ካርድ የሚያክሉ ኮምፒውተሮች። ጥቅምት ላይ ስንሰካቸው ሁለቱ አልነሳም አሉ። ልጆቹ ወዲያው "ቲቸር ተቃጥሏል" አሉኝ፣ እኔ ደሞ ሳይለካ ተቃጥሏል የሚባል ነገር አልወድም፣ እና ደብተር አስከፍቼ በቃ መብራቶቹን ብቻ እዩና ያያችሁትን ፃፉ አልኳቸው።

አንዱ ላይ ቀይዋ መብራት፣ ኤሌክትሪክ መድረሱን የምታሳየው፣ ብልጭ ድርግም ትላለች። እሷ የምትጠፋው ቮልቴጁ ከ4.63 በታች ሲወርድ ነው። ፒን 2 እና ፒን 6 ላይ (ፒን ማለት ቦርዱ ላይ ሽቦ የሚያያዝባቸው የብረት እግሮች ናቸው) በመልቲሜትር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ስንለካ 4.5 አካባቢ አገኘን፣ ለካ የሰካነው የስልክ ቻርጀር 1 አምፒር ነው፣ ፓይ 3 ደሞ 2.5 ይፈልጋል፣ ገመዱም ቀጭንና ረጅም። ቻርጀሩንና ገመዱን ስንቀይር ተነሳ።

ሁለተኛው ነው ያስተማረን። ቀይዋ ፀጥ ብላ በርታለች፣ አረንጓዴዋ ብልጭ ብልጭ ብላ ታርፋለች ከዛ ደግማ ትጀምራለች። አንዷ የ9ኛ ክፍል ልጅ ጠረጴዛው ላይ ደፋ ብላ በእርሳስ ጭረት እያሰመረች ቆጠረች፣ አራት፣ እረፍት፣ አራት፣ እረፍት። አራት ማለት ፓዩ ለመነሳት የሚያስፈልገው፣ ካርዱ ላይ ያለው ስታርት ዶት ኤልፍ የሚባለው ፋይል አልተገኘም ማለት ነው (ሰባት ቢሆን ያልተገኘው ከርነሉ፣ የሲስተሙ ዋና ክፍል፣ ነበር)። ስለዚህ ቦርዱ ደህና ነው፣ ጉዳዩ ሚሞሪ ካርዱ ነው። ካርዱን ላብ ኮምፒውተር ላይ ስንከፍተው የፋይሎቹ ስም ተበላሽቶ ምልክት ብቻ ሆኗል። አምና እየሰራ መብራት የጠፋበት ካርድ ነው፣ ሲፅፍ ኤሌክትሪክ ከተቋረጠበት እንደዚህ ይሆናል። ላይት (Lite) የሚባለውን፣ ዴስክቶፕ የሌለውን የፓይ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንደ አዲስ ጫንበት፣ መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ቀስተ ደመናው መጣ፣ ቀጥሎ የአራቱ እንጆሪዎች ስዕል ከላይ ተደረደረና ፅሁፉ መውረድ ሲጀምር የነበረው ጩኸት ስታፍ ድረስ ተሰምቷል። ከዛን ቀን ጀምሮ ሹትዳውን ሳይደረግ ገመድ የሚነቅል የለም፣ የእያንዳንዱ ካርድ ኮፒም ላብ ውስጥ ተቀምጧል።

ግንቦት ላይ አንዱ የ5 ቮልት ሽቦ ከ3.3 ፒን ጋር ተነካካና ፓዩ ዝም አለ። ልጆቹ እኔን ሳይጠሩ ገመድ ቀየሩ፣ ካርድ ቀየሩ፣ ፒን 1 ላይ ለኩ፣ 3.3 መሆን ሲገባው ዜሮ። ደብተሩ ላይ "ተቃጥሏል፣ ፒን 1 = 0 ቮልት" ብለው ፅፈው አመጡልኝና ፈረምኩበት።