ዳታችን ሲጠፋ ቶሎ ንገሩን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሶፍትዌር ሠሪዎች ፋይል የሚያጠፋ ችግር ሲያገኙ ለተጠቃሚው በዚያው ቀን መናገር አለባቸው ባይ ነኝ። «አንዳንድ ችግሮች ተስተካክለዋል» ብሎ ማለፍ ለተዛባ ቀለም ይበቃ ይሆናል፣ ለጠፋ ሥራ ግን በፍጹም። የተሰረዘ ፋይል ብዙ ጊዜ ወዲያው ከዲስኩ አይወጣም። ቦታው ባዶ ነው ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ሊመለስ ይችላል (ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን የዲስክ ዓይነት ላይ ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው)። ያልተነገረው ሰው ግን ምንም ሳይጠረጥር መሥራቱን ይቀጥላል፣ በላዩ ላይ ይጽፍበታል፣ ይባስ ብሎ ባክአፑ (መጠባበቂያ ቅጂው) የተበላሸውን ፋይል ቀድቶ በደህናው ቦታ ይተካዋል። ዝምታው ራሱ ጉዳቱን ያባብሳል ማለት ነው።

በግልጽ መናገር ደግሞ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት የጊትላብ ድርጅት ሠራተኛ ዋናውን ዳታቤዝ በስህተት ሲሰርዝ፣ ድርጅቱ ባክአፖቹ እንዳልሠሩለት ጭምር ሳይደብቅ ጻፈ፤ የማዳን ሥራውንም ሕዝብ በቀጥታ እንዲከታተለው አደረገ። የ6 ሰዓት ያህል ዳታ ጠፍቷል፣ ቀላል አይደለም። ተጠቃሚዎቹ ግን የትኛው ሰዓት ሥራቸው እንደሄደ አወቁ፣ እንደገና ለመሥራትም ከየት እንደሚጀምሩ።

እኛ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የትኛው ቨርዥን ነው? ከመቼ ጀምሮ? የትኞቹን ፋይሎች ይነካል? አሁን ፕሮግራሙን ልዝጋው፣ ሲንክ ማድረጉን (ፋይሎቼን ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር ማመሳሰሉን) ላቁም ወይስ ልቀጥል? መፍትሔው ገና ባይገኝ እንኳ ይህችን ማስጠንቀቂያ ፕሮግራሙ ሲከፈት ፊት ለፊት አሳዩን፣ የይቅርታውን ደብዳቤ በኋላ ትጽፉታላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ