በቧንቧ ውሃ ተፈትሾ «አልፏል» ስለተባለው የሸክላ ንጣፍ

ለአፈር ምርመራ ላቦራቶሪው ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ የምርመራ ውጤት እንዲሰረዝና ናሙናው በድጋሚ እንዲፈተሽ ስለመጠየቅ

ለከተማችን አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ከሥር የሚነጠፈውን፣ ቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ የሸክላ ዓይነት) የተቀላቀለበትን ሸክላ ናሙና ስናስረክባችሁ፣ ከነባሩ መጣያ ሥር የቀዳነውን ጨዋማ ፍሳሽም በጀሪካን አብረን ሰጥተናል። ሸክላው ምን ያህል ፈሳሽ እንደሚያሳልፍ የሚለካው ፍተሻ በዚያው ፍሳሽ እንዲካሄድ በጽሑፍ ጠይቀን ነበር። ሪፖርታችሁ ግን የተጠቀማችሁት የቧንቧ ውሃ መሆኑን ራሱ ይናገራል፤ ጀሪካኑም እሽጉ ሳይፈታ ተመልሶልናል።

ባለሙያችሁ በስልክ «ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም» ብለውናል። ይህን ፈጽሞ አልቀበልም። ሶዲየም ቤንቶናይት ውሃ የሚያግደው ስለሚያብጥ ነው። ጥሩ የሚባለው ዓይነት 2 ግራም ዱቄቱ በተጣራ ውሃ ውስጥ ሲነሰነስ አብጦ 24 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ይይዛል። ያንኑ ዱቄት ብርቱ የጨው ውሃ ውስጥ ብትነሰንሱት እንደ አሸዋ ከሥር ይዘቅጣል፤ 10 ሚሊ ሊትር ቢሞላ ነው። ጨው በሸክላው ቅንጣቶች ዙሪያ ያለውን የውሃ ሽፋን ያሳሳዋል፤ በፍሳሹ ውስጥ ያለው ካልሲየምም ቀስ በቀስ የሶዲየምን ቦታ ይወስዳል። ቅንጣቶቹ ይጓጉላሉ፣ በመካከላቸውም ፍሳሽ የሚያልፍበት መንገድ ይከፈታል።

ሪፖርቱ ንጣፉ የሚያሳልፈው በሰከንድ ከአንድ ቢሊዮንኛ ሜትር በታች ስለሆነ መስፈርቱን ያሟላል ይላል። ይህ በስበት ብቻ ሲወርድ በዓመት 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በብርቱ ጨው ምክንያት የቤንቶናይት የማሳለፍ መጠን መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ማደጉ በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው፤ ያኔ 3 ሜትር ይሆናል። የእኛ ንጣፍ ውፍረት 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ከቦታው ዝቅ ብሎ ደግሞ የመንደሩ ሰው የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ አለ። ውሃው አንዴ ከተበላሸ ማን ያጸዳዋል?

ስለዚህ የመጀመሪያው ሪፖርት በጽሑፍ እንዲሰረዝ፣ ምርመራውም ያለ ተጨማሪ ክፍያ በኤኤስቲኤም ዲ 7100 (አፈር እንዲህ ያለ ፈሳሽ ሲያልፍበት የማሳለፍ መጠኑ እንዴት እንደሚለካ የሚደነግግ የፍተሻ ደረጃ) መሠረት በራሱ በፍሳሹ እንዲደገም እንጠይቃለን። የሚገባውና የሚወጣው ፈሳሽ ጨዋማነት እስኪቀራረብ ፍተሻው አይቁም፤ የካልሲየሙ ጉዳት በጥቂት ቀን አይታይምና። ጀሪካኑን መልሰን ልከናል።

መልሳችሁ በጽሑፍ እስኪደርሰን ኮንትራክተሩ ንጣፉን እንዳይጀምር አሳውቀናል።

ከሰላምታ ጋር
የፕሮጀክቱ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ